ቡንደ እንዴት የሲጋር ከተማ ሆነች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ጀርመን ውስጥ ቡንደ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከ200 ዓመት በላይ በቤተሰብ እጅ የቆየ የሲጋር ፋብሪካ እንዳለ ሰማሁ። ለምን እዚያ? ይህን ያህል ዘመንስ እንዴት ዘለቀ?

መልስ፦ የሰሙት አርኖልድ አንድሬ ስለሚባለው ድርጅት መሆን አለበት። አንድ ነገር ግን ላርም፤ ድርጅቱ የተወለደው ቡንደ አይደለም። በ1817 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በጎረቤቷ ኦስናብሩክ ተቋቋመ፤ ቡንደ የገባው በ1851 ነው። ያኔ ከተማዋ ሲጋር መጠቅለል ከጀመረች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር።

ለምን እዚያ ላሉት፣ ዋናው ምክንያት ድህነት ነው። የአካባቢው ገበሬ ከእርሻው ጎን ለጎን የተልባ እግር እየፈተለና እየሸመነ ነበር የሚኖረው። ርካሽ የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ያ እንጀራ ተቋረጠ። ብዙዎች ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። የቀሩት እጃቸው ለረቂቅ ሥራ የሰለጠነ፣ ክፍያው ቢያንስም እምቢ ለማለት አቅም ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ሲጋር ደግሞ ያኔ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም፤ ጠረጴዛ፣ ቢላ፣ ከእንጨት የተሠራ ቅርጽ ማውጫ፣ በቃ። ቅጠሉ ከባሕር ማዶ በብሬመን ወደብ ይመጣል፤ በ1855 ባቡር ሲገባ ማመላለሱም ቀለለ።

«የቤተሰብ ፋብሪካ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ባለቤቶቹን ነው። እኔ ግን ቡንደን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሌላው ቤተሰብ ነው። ብዙ ሠራተኛ ቅጠሉን ከፋብሪካው ተቀብሎ ቤቱ ይወስድና እዚያው ይጠቀልል ነበር። ልጆች የቅጠሉን የመሃል ጅማት ያወጣሉ፣ አንዱ የውስጡን ይጠቀልላል፣ እጁ የረቀቀው ደግሞ የላይኛውን ቅጠል ያለብሳል፤ ይህ ሁሉ በሚበላበትና በሚተኛበት ክፍል ውስጥ፣ በትምባሆ ብናኝ መሃል ነው። ሳንባ ነቀርሳ የሲጋር ሠራተኞችን ክፉኛ ያጠቃ ነበር። የልጆችን ሥራ የሚገድበው ሕግ ቤት ውስጥ የሚሠሩትንም የነካው በ1903 ነው። ይህን ሳይናገሩ ስለ ባለቤቶቹ ጽናት ብቻ ማውራት ልክ አይመስለኝም።

እንዴት ዘለቀ ላሉት፣ ነገሩ ከማሽን ጋር የተያያዘ ነው። በ1933 የናዚ መንግሥት ሥራ እንዳይጠፋ ብሎ በሲጋር ፋብሪካዎች ማሽን መጠቀምን በሕግ ገደበ። ከጦርነቱ በኋላ ማሽኑ ገባ፤ በወረቀት የሚጠቀለለው ሲጋራም የሲጋርን ገበያ ወሰደው። ትናንሾቹ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። አንድሬ በማሽን የሚሠራና ለብዙ ሰው ኪስ የሚሆን ሲጋር ላይ በረታ፤ ሃንደልስጎልድ የሚባለው የእሱ ነው። ቤተሰቡም ድርጅቱን ለትልልቆቹ የትምባሆ ኩባንያዎች አልሸጠም።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምርልዎ። የሲጋር ጠቅላዮቹ ዘመን አልፎም፣ ጀርመን ውስጥ በሚሸጥ የትምባሆ ፓኮ ላይ የሚለጠፈው የቀረጥ ቴምብር ዛሬም የሚታደለው ቡንደ ካለው የጉምሩክ ቢሮ ነው።