ዴንቨር ላይ ዝም ያለው ሞተር ዳላስ ሲወርድ ለምን ጮኸ?

«ጋሼ፣ የምነዳው የ2002 ቶዮታ ታኮማ ፒክአፕ ነው። 3.4 ቪ6፣ አውቶማቲክ። ስገዛው የቲአርዲ (የቶዮታ የእሽቅድምድም ክፍል) ሱፐርቻርጀር ተገጥሞለት ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ጋራዥ ጉልበት ይጨምርልሃል ብሎ ትንሽ ፑሊ (ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረው የቺንጊያ መንኮራኩር) አስገባልኝ። እዚህ ዴንቨር ጎን ኦሮራ ምንም የለበትም። ሐምሌ ላይ ግን ለሠርግ ዳላስ ወርደን፣ ዕቃ ጭኜ ስነዳ ሽምብራ ጣሳ ውስጥ የሚንኳኳ የሚመስል ድምፅ ያሰማኝ ጀመር። የሞላሁት የለመድኩትን 87 ቤንዚን ነው። ኮሎራዶ ስመለስ ድምፁ ጠፋ። ፒስተኑንና ክንዱን (ቢየላውን) በፎርጅድ፣ ማለትም ተቀጥቅጦ በተሠራ፣ ቀይሬ ሞተሩን ላጠንክረው? ወይስ ከጠፋ ልተወው?»

አትተወው። ፒስተንም አትግዛ፣ ለጊዜው።

ወንድሜ፣ ድምፁ አልጠፋም። ከፍታው ነው የደበቀልህ። ዴንቨርና ኦሮራ ላይ የአየሩ ግፊት 12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ዳላስ ላይ 14 ተኩል ይጠጋል። ሱፐርቻርጀር ማለት በሞተሩ ቺንጊያ የሚዞር የአየር ፓምፕ ነው። በአንድ ዙር የሚገፋው መጠን አይለወጥም፣ የሚለወጠው የአየሩ ውፍረት ነው። ስለዚህ ዳላስ ስትደርስ አንድ ቦልት ሳትነካ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ቪትዝ እንኳ ቆላ ሲደርስ ጎበዝ ይሆናል። ያንተ መኪና ግን በላዩ ላይ ሱፐርቻርጀር፣ በዚያ ላይ እሱን ፈጥኖ የሚያዞር ትንሽ ፑሊ፣ በዚያ ላይ የሐምሌ ሙቀት፣ በዚያ ላይ 87 ቤንዚን (ቁጥሩ ኦክቴኑ ነው፤ ዝቅ ሲል ቤንዚኑ ቶሎ በራሱ ይፈነዳል)። ባያንኳኳ ነበር የሚገርመኝ።

ጣሳ ውስጥ ያለው ሽምብራ ምን መሰለህ? ካንዴላው እሳቱን ከለኮሰ በኋላ፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ ከግፊቱና ከሙቀቱ የተነሳ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ፒስተኑን መግፋት ሲገባው በመዶሻ ይመታዋል። ፎርጅድ ፒስተን ዱላውን ትንሽ ይችላል እንጂ ዱላውን አያስቆመውም። እኔ ይህን ሞተር ጉልበት ገደለው ሲባል አልሰማም። የሚገድለው ሙቀትና የቤንዚን ማነስ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርህ። ከጥቂት ዓመት በፊት ያንተኑ ሞተር የያዘ ደንበኛዬ መኪና ላይ የአየርና የቤንዚን መለኪያ ገጠምኩ፤ ዋይድባንድ የሚሉትን። በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው ወጣን። ሙሉ ሲረግጠው መለኪያው 12 ላይ ወረደ (ለአንድ እጅ ቤንዚን 12 እጅ አየር ማለት ነው)፣ ጥሩ። ግማሽ ረግጦ ዳገቱን ሲይዝ ግን የግፊት መለኪያው 3 ፒኤስአይ እያሳየ ቤንዚኑ 14.7 ላይ ተቸነከረ። 14.7 ለሰላማዊ መንገድ ነው፤ ግፊት ሲኖር ከ11.5 እስከ 12 ነው የምንፈልገው። የፋብሪካው ኮምፒውተር ሱፐርቻርጀር መኖሩን አያውቅም፤ ፔዳሉ በደንብ እስኪረገጥ ድረስ ቤንዚን እየቆጠበ ነው። ደንበኛዬ ደግሞ «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» እያለ ነበር የሚኮራው! ረዥም ዳገት ላይ በግማሽ ፔዳል መጎተት ነው ሞተሩን የሚጠብሰው።

የሙቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። የአየር ሙቀት መለኪያው ያለው አየር ማጣሪያው አጠገብ፣ ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ነው። አየሩ ተጨምቆ ሲግል ኮምፒውተሩ አያይም። ይህ ኪት የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለርም የለውም።

እንግዲህ ከምን ትጀምር? የድሮውን ፑሊ መልስ። አዎ፣ የከፈልክበትን ገንዘብ አውቃለሁ። ቤንዚን ሳይጨመር ፑሊ ብቻ ያሳነሰልህ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ከዚህ በኋላ ኮሎራዶ ላይ 91፣ ቴክሳስ ስትወርድ 93 ነው የምትሞላው። ሌላ ቤንዚን ለዚህ መኪና የለም።

ቀጥሎ የደረሰ ጉዳት ካለ እንይ። ስድስቱንም ካንዴላ አውጣ። ነጩን ሸክላ በባትሪ ብርሃንና በማጉያ መነጽር ተመልከት። በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ሞተሩ ሲደበደብ ኖሯል። የሚያብረቀርቁ እንክብሎች ካሉ ደግሞ የፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ ያኔ ሌላ ወሬ ነው የምናወራው። ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚጨምቀውን ግፊት፣ ለካ። ዴንቨር ላይ ቁጥሩ በመጽሐፍ ካለው ዝቅ ይላል፣ አትደንግጥ። እኔ የማየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ15 ፒኤስአይ ካለፈ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ችግር አለ። ካልሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ አትክፈተው።

አዲስ ካንዴላ ስታስገባ ከፋብሪካው አንድ ደረጃ የሚቀዘቅዝ፣ ሙቀቱን ቶሎ የሚያወጣ፣ ውሰድ። ክፍተቱን ከ1.1 ሚሊ ሜትር ወደ 0.8 አጥብበው፤ በግፊት ውስጥ ሰፊ ክፍተት እሳቱን ያጠፋዋል።

ቤንዚኑን ለመጨመር ሁለት መንገድ አለ። ቲአርዲ ራሱ ለዚህ ሞተር ሰባተኛ ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጭ) የሚጨምር ኪት ይሸጥ ነበር፤ አሁን ያገለገለ ካልሆነ አታገኝም። ሁለተኛው ትልልቅ ኢንጀክተርና ተጨማሪ ኮምፒውተር ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ያቺን የግማሽ ፔዳል ችግር የሚፈታው እሱ ስለሆነ። ግን ተጠንቀቅ፦ ዴንቨር ላይ የሚያስተካክልልህ ባለሙያ የዳላስን አየር አያገኘውም። ሞተሩ እዚህ ደርሶበት የማያውቀው የኮምፒውተሩ የቤንዚንና የእሳት ሰንጠረዥ ክፍል ባዶ ግምት ነው። «ከባሕር ጠለል አጠገብም እነዳዋለሁ» በለውና እዚያ ክፍል ላይ ቤንዚኑን እንዲያበዛ፣ የእሳቱንም ጊዜ እንዲያዘገይ ንገረው። ይህን ስትለው ግራ የሚጋባ ከሆነ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ሱፐርቻርጀሩ ለዚህ ሁሉ ከወረደ አይቀር፣ ከሥሩ ያሉትን ሁለቱን የማንኳኳት መለኪያ ሴንሰሮችና ሽቦአቸውን ቀይር። ሽቦው ከሙቀቱ ብዛት ይደርቃል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሲያንኳኳ ሰምቶ እሳቱን የሚያዘገየው በነሱ ነው፤ ጆሮው ከደነቆረ ማን ይጠብቀዋል? ሱፐርቻርጀሩ የራሱ የማርሽ ዘይትም አለው፣ እሱንም ለውጥ። ሚኒሞ ላይ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲዞር፣ የሱፐርቻርጀሩ አፍንጫ አካባቢ የሚንገጫገጭ ከሆነ ውስጥ ያለችው ማያያዣ አልቃለች፤ ርካሽ ናት። ከሞተሩ የሚመጣውን የዘይት ጭስ የሚይዝ ትንሽ ጣሳም አስገጥም። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ዘይት የቤንዚኑን ኦክቴን ያወርዳል።

አውቶማቲክ ስለሆነ ራዲያተሩን አደራ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ነው። ሲያረጅ ውስጡ ይበሳና ዘይትና ውሃ ተደባልቀው እንደ እንጆሪ ጁስ ሮዝ ይሆናሉ፤ ያኔ ካምቢዮውን ቅበረው። ራዲያተሩ የመጀመሪያው ከሆነ ዛሬውኑ ቀይር፣ ለካምቢዮው ዘይትም የራሱን ማቀዝቀዣ ከውጭ አስገባለት። ቲሚንግ ቤልት (ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር በጊዜ የሚያዞረው ቺንጊያ) በ90,000 ማይል ይቀየራል፣ ከውሃ ፓምፑ ጋር። ቢበጠስ የዚህ ሞተር ፒስተን ቫልቭ አይመታም፣ መንገድ ላይ ግን ትቀራለህ።

ይህ ሁሉ እስኪጠናቀቅ ዳገት ላይ ኦቨርድራይቩን (ከፍተኛውን ማርሽ) አጥፋው፣ ዙሩ ይጨምር። ካንዴላዎቹን ስታወጣ በእያንዳንዱ ላይ በወረቀት ፕላስተር የሲሊንደሩን ቁጥር ጻፍ፦ 1፣ 3፣ 5 በተሳፋሪው በኩል፣ 2፣ 4፣ 6 በሹፌሩ በኩል ናቸው። ከቅርብ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ሳትጠርጋቸው።