መሃል ከተማ ወይስ ዳርቻ? የደህንነት ጥያቄዎቻችሁ

ብዙ ዓመት የወንጀል መዝገብ ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። ቤት ለመቀየር ያሰባችሁ ሰሞኑን ብዙ ጠይቃችሁኛል። በተራ ልመልስ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ ከመሃል ከተማ ወደ ዳርቻ ልወጣ ነው። ከሌባ ተገላገልኩ ማለት ነው?

እንደ ሌባው ዓይነት ነው። ስልክ ነጣቂና ኪስ አውላቂ ግርግር ይወዳሉ፤ ዳር ሲወጡ በአብዛኛው ይቀንሱልዎታል። ቤት ሰባሪ ግን ጭር ያለ ነገር ነው የሚፈልገው። ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባበት ሰፈር ቀኑን ሙሉ ይመቸዋል። ቤቱን ሊያዩ ሲሄዱ ወደ ጓሮ ይዙሩ። የጓሮውን መስኮት ከጎረቤት ማንም የማያየው ከሆነ፣ ያ የወደዱት ረጅም አጥር የሚከልለው ሌባውን ነው።

ጥያቄ፦ የመሃል ከተማው ቁጥር ሁሌ የሚያስደነግጠው ለምንድነው?

አካፋዩን እየው። የወንጀል መጠን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ለ100,000 ነዋሪ ነው። አንድ መሃል ከተማ 20,000 ሰው ያድርበታል፣ 200,000 ሰው ይውልበታል እንበል። እዚያ ከሚውሉት የተሰረቀው ስልክ ሁሉ የሚካፈለው ለሚያድሩት ብቻ ነው። ቁጥሩ ቢያብጥ አይግረምህ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን ልምረጥ?

በመንገዱ። ይሄን ደጋግሜ የምለው አምኜበት ነው። የወንጀል ተመራማሪው ሎረንስ ሸርማንና ባልደረቦቹ በ1989 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ለፖሊስ ከተደረጉት ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ የመጡት ከ3 በመቶ ትንሽ ከሚበልጡ አድራሻዎች ነበር። ስመ መጥፎ በሚባል ሰፈርም ብዙው መንገድ ሰላም ነው፤ የሚያውከው አንድ ጥግ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ሰው የሌለበት ሕንፃ ነው። ስለዚህ ቤቱን እሁድ ረፋድ ላይ ብቻ አይተሽ አትፈርሚ። በሥራ ቀን ማታ 3 ሰዓት ላይ ሂጂ። ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ በሩ በእግርሽ ሂጂው። ስንት አምፖል ይበራል? ስንት መስኮት መንገዱን ያያል? ሰው ቢያስቸግርሽ የምትገቢበት ክፍት ሱቅ አለ?

ጥያቄ፦ መብራት እውነት ለውጥ አለው?

አዎ። ኒውዮርክ ውስጥ በ2016 በዕጣ በተመረጡ የመኖሪያ መንደሮች ጠንካራ መብራት ሲተከል፣ በሌሊት ደጅ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች 36 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሳምንት ቤታችን ተሰበረ። ሁለተኛ አይመጡም አይደል?

አይዟችሁ፤ ግን አልደብቃችሁም፣ ቀጣዮቹ ጥቂት ሳምንታት ናቸው አስጊዎቹ። ሌባው መግቢያ መውጫውን አውቆታል። የተወሰደው ቴሌቪዥን በአዲስ እንደሚተካም ይገባዋል። ዛሬውኑ በሩን አጠናክሩ፣ ቁልፉን ቀይሩ። ለግራ ቀኝ ጎረቤትም ንገሩ፤ ቀጥሎ የሚሞከረው የእነሱ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ለሴት የትኛው ይሻላል?

እህቴ፣ የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንዲህ ይላል፦ በ2023 በዓለም ዙሪያ ሆን ተብሎ ከተገደሉት 85,000 ገደማ ሴቶችና ልጃገረዶች ውስጥ 51,100 ያህሉ የሞቱት በባል፣ በፍቅር ጓደኛ ወይም በቤተሰብ እጅ ነው። የምትፈሪው ሰው ከቤትሽ ውስጥ ከሆነ፣ መኪና የግድ የሚልበት፣ የመኪናውም ቁልፍ እሱ እጅ የሆነበት ዳርቻ አይሁንብሽ። በእግርሽ የምትደርሺበት ዘመድ ወይም ጓደኛ ያለበትን ምረጪ።