ባሌስትራዋ ያሳበቀችባት ፎርድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ናስካር የሚባለውን የአሜሪካ የመኪና ውድድር እያየን ነበር። አንዱ ጓደኛዬ «ይሄ ነገር በአፈር መንገድ ላይ፣ በአረቄ አመላላሾች ነው የተጀመረው» አለ። እኔ አላመንኩም። እውነት ነው እንዴ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እውነቱን ነው ልጄ። ብቻቸውን ጀመሩት ባይባልም፣ ከጀማሪዎቹ ጎበዝ ሹፌሮች ብዙዎቹ አረቄ አመላላሾች ነበሩ።

አሜሪካ በፈረንጆች ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ከልክላ ነበር። በደቡብ ተራሮች ያሉ ሰዎች ግን አረቄ ማውጣቱን አልተውም። ክልከላው ከተነሳ በኋላም ቀረጥ ላለመክፈል ቀጠሉበት። ወጣቶቹ በሌሊት፣ በጠመዝማዛ ፒስታ፣ ፖሊስ እያባረራቸው ያመላልሱት ነበር። የሚወዷት መኪና ፎርድ ናት፤ ከ1932 ጀምሮ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በርካሽ ትሸጥ ነበርና። ማን ይበልጣል ሲባል ደግሞ ሜዳ ወጥተው ይለያሉ። ሜዳው ብዙ ጊዜ የፈረስ መሮጫ ነው። ሎይድ ሲይ የሚባለው ልጅ በ1941 አትላንታ ላይ፣ ሌክዉድ በሚባለው የአፈር ሜዳ አሸነፈ። በማግስቱ ለአረቄው በተገዛ ስኳር ሒሳብ ተጣልቶ ዘመዱ በጥይት ገደለው። ገና 21 ዓመቱ ነበር። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የባሌስትራዋ፣ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ሞላ ነገር ነው። ናስካር በ1948 ተቋቋመ። ሰኔ 1949 ሻርሎት ከተማ፣ አፈር ሜዳ ላይ፣ «መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ይሁን» ተብሎ ውድድር ተደረገ። ግሌን ደናዌይ የሚባል ሹፌር በ1947 ሞዴል ፎርድ አንደኛ ወጣ። ሲፈተሽ የኋላ ባሌስትራዋ ተነክቷል። አረቄ አመላላሾች እንደሚያደርጉት እንዲጠነክር ተደርጓል። ተሰረዘና ድሉ ሊንከን መኪና ለነዳው ለጂም ሮፐር ተሰጠ። የመኪናዋ ባለቤት ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ አልተሳካለትም።

ለምን እንደጠነከረ እኔ በእጄ አውቀዋለሁ። ጋራዤ ውስጥ ከመተማ ሰሊጥ ጭነው የሚመጡ አይሱዙዎች ስር ስንት ዓመት ተኝቻለሁ። ባሌስትራው ሲደክም የመኪናው ቂጥ መሬት ይነካል። አረቄ የጫነች መኪናም እንዲያ ብትቀመጥ ፖሊስ ከሩቅ ያውቃታል። ስትጠነክር ግን ሙሉ ጭነት ይዛ ባዶ ትመስላለች። ጭነቱ ሲወርድላት ደግሞ ኩርባ ላይ አትንጋደድም። አፈር ላይ ኋላዋ እየተንሸራተተ፣ ሹፌሩ መሪውን ወደ ተቃራኒው አዙሮ ነው የሚያልፈው። ለእንዲህ ያለ አነዳድ ጠንካራ ባሌስትራ ትልቅ ጥቅም አለው።

እዚያው የሻርሎት ውድድር ላይ ሊ ፔቲ የሚባል ሹፌር የተዋሳትን ቢውክ መኪና ገለበጣት። የ11 ዓመት ልጁ ሪቻርድ ቆሞ ያይ ነበር። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ናስካር ዋናውን ውድድሩን ከአፈር ከማንሳቱ በፊት በራሌይ ከተማ የመጨረሻውን አደረገ። ያሸነፈው ያው ሪቻርድ ነው።