ሊፍቱን ከመግዛትህ በፊት ወለሉን ብሳ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ ከስድስት ዓመት በፊት የነበርኩት እኔ ትዝ አለኝ። «ለቤቴ ጋራዥ የመኪና ማንሻ ሊፍት ልገዛ ነው፣ ጣሪያዬ 2.90 ሜትር ነው፣ አንድ ሴዳንና አንድ ፒክአፕ አሉኝ፣ ባለ ሁለት ምሰሶ ይሻላል ባለ አራት?» ነው ያልከው። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ በብራንድ ሲከራከሩ አየሁ። ወለልህ ምን ዓይነት ነው ብሎ የጠየቀህ ግን አንድም ሰው የለም። እኔን የበላኝ ደግሞ ብራንድ ሳይሆን ወለል ነው። ስለዚህ ከሥር ልጀምር። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

እኔ መጀመሪያ ገዛሁ፣ ከዚያ ለካሁ። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት ከግማሽ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፣ እሱን በስንት ሰው ጉልበት ከጭነት መኪና አውርደን ጋራዥ ካስገባን በኋላ ነው ትራፓኖ ያነሳሁት። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ስበሳ ሰባት ሴንቲ ሜትር ላይ ስምጥ አለ። ሳወጣው ጫፉ አፈር ይዟል። ያ መስታወት የመሰለ ሊሾ ሥሩ ይህን ያህል ስስ ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል? መመሪያውን ገልጬ ሳየው ደግሞ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይላል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለው ለእኔ ነው። ሊፍቱ እንደታሸገ ከሁለት ወር በላይ ግድግዳ ሥር ተኛ፣ እኔም በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እያየሁት ስበሳጭ ከረምኩ።

ወለሉ ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምን መሰለህ? ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት መኪናውን የሚይዘው በተዘረጉ ክንዶች ነው። ውሃ የሞላ ባልዲ እጅህን ዘርግተህ ስትይዝ ትከሻህን እንዴት እንደሚጎትትህ አስብ። ምሰሶውም እንደዚያው ወደ ውስጥ፣ ወደ መኪናው ማዘንበል ይፈልጋል። እንዳይወድቅ የሚያደርጉት ከጀርባው በኩል ኮንክሪቱን ነክሰው የያዙት ቡሎኖች ናቸው፣ ክብደቱ እነሱን ከመሬት ለመንቀል ነው የሚታገለው። ኮንክሪቱ ስስ ከሆነ ቡሎኑ ሳይሰበር፣ ዙሪያውን ያለውን ኮንክሪት ፈንቅሎ ይዞት ይወጣል። ያኔ ከሥር አንተ ካለህ... በቃ፣ ይህንን አንቀጥለው።

እስከ 4 ወይም 4.5 ቶን ለሚያነሱት የተለመዱ ባለ ሁለት ምሰሶዎች አብዛኛው መመሪያ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ውፍረት ከ10 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል፣ 15 የሚሉም አሉ። የኮንክሪቱ ጥንካሬ ወደ 21 ሜጋፓስካል (3000 ፒ.ኤስ.አይ. የሚሉት) መሆን አለበት፣ ከተሞላም 28 ቀን ያለፈው መሆን አለበት። ሊሾውም ሴራሚኩም በልኬቱ ውስጥ አይገቡም። ቡሎኑ ስንጥቅ አጠገብ ወይም ሁለት ኮንክሪት የሚገናኝበት መስመር ላይ አይበሳም፣ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የየሊፍቱ መመሪያ ይነግርሃል። አስፋልት ላይ ፈጽሞ አይሆንም። ጋራዥህ ሥር ሌላ ክፍል ካለ መሐንዲስ ሳታማክር አትንካው። ወለሉ ውስጥ የተወጠረ የብረት ገመድ ያለበት አሠራር አለ፣ እንደዚያ ከሆነም ትራፓኖ ወዲያ በል፤ ያ ገመድ ሲበጠስ በጣም አደገኛ ነው።

እኔ በመጨረሻ ምሰሶዎቹ የሚቆሙበትን ቦታ አስቆርጬ፣ ቆፍሬ፣ በፌሮ አስሬ ወፍራም አርማታ ሞላሁበት። ሥራው ሁለት ቀን ነው የፈጀው። 28 ቀን መጠበቁ ነው ሰው የሚገድለው። በሳምንቱ ስትረግጠው ድንጋይ ይመስላል፣ አትመነው።

አሁን ወደ ጣሪያህ ልምጣ፣ ምክንያቱም የአንተን ምርጫ የሚወስነው እሱ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የመኪናው ቁመት፣ ሲደመር የምታነሳው ከፍታ፣ ሲደመር ከላይ የምትተወው ትንሽ ክፍተት። ሴዳንህ 1.45 ሜትር ነው እንበል። ከላይ 10 ሴንቲ ብትተው ጎማው ከመሬት የሚነሳው 1.35 ሜትር ብቻ ነው። ፒክአፑ 1.80 ከሆነ ደግሞ አንድ ሜትር ብቻ። እኔ 1.75 ነኝ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ለመሥራት ከ1.80 በላይ መነሳት አለበት። ስለዚህ አንተ ጋ ቆሞ መሥራት የሚባል ነገር የለም ወንድሜ፣ ጎማ ባለው ዱካ ላይ ቁጭ ብለህ ነው የምትሠራው። ይህ መጥፎ አይደለም፣ መሬት ላይ በጀርባ ከመተኛት እጅግ ይሻላል። ግን ቆመህ እንደምትሠራ እያለምክ ገዝተህ በኋላ እንዳይከፋህ።

ጣሪያውን ስትለካ ደግሞ ሲሚንቶውን አትለካ። ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለውን ነገር ለካ፤ አምፖሉን፣ ወራጁን፣ ከሁሉም በላይ በሩን። የእኔ በር ሲከፈት ወደ ላይ ተጠቅልሎ ጣሪያ ሥር የሚተኛ ዓይነት ነው። አንድ ቀን ሞቆኝ በሩን ከፍቼ መኪናውን ወደ ላይ ሳነሳ ጣራው ከበሩ ጋር ተሳመ። አንቴናው ሄደ፣ ጣራው ላይም እስከ ዛሬ የማልደብቀው ጭረት ቀረ። ሌላም ማንም የማያስበው ነገር አለ። ኮፈን ከፍተህ ማንሳት ትፈልጋለህ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ሥራ ከላይም ከታችም ነው። የተከፈተ ኮፈን ደግሞ ከመኪናው ጣራ በላይ ነው የሚሄደው። እሱንም ለካ።

ባለ አራት ምሰሶውን በተመለከተ፣ ሰው ለቤት የሚወደው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ መኪናው በጎማው ስለሚቆም ነድተህ ትወጣበታለህ፣ ክብደቱም ለአራት እግር ስለሚከፋፈል ወለሉን ያን ያህል አያስጨንቅም፣ በቡሎን የማይታሰሩም ሞልተዋል። ሁለተኛ አንዱን መኪና ከላይ፣ ሌላውን ከታች ታቆምበታለህ። አንተ ጋ ይህ ሁለተኛው አይሠራም። ፒክአፑን ከታች፣ ሴዳኑን ከላይ ብታደርግ የሁለቱ ቁመት ብቻ 3.25 ይመጣል፣ መኪናው የሚቆምበት ብረት ውፍረት ገና ሳይደመር። ስለዚህ ትልቁ ጥቅሙ ከወዲሁ ቀርቶብሃል። ከዚያ የሚቀርህ ዘይት መቀየር፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ ማውረድ ነው። ለእነዚህ ምቹ ነው፣ አልክድም። ፍሬን ወይም አሞርዛተር ልትነካ ስትል ግን ጎማው ብረቱ ላይ ተቀምጧል። መሃል ላይ የሚገባ ተጨማሪ ክሪክ ካልገዛህ በቀር ጎማ አትፈታም። ብዙ ሰው ይህንን ከገዛ በኋላ ነው የሚያውቀው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው አንድ ዓመት በእጅህ የሠራሃቸውን ሥራዎች ወረቀት ላይ ጻፋቸው፣ ልትሠራ የምታስበውን ሳይሆን የሠራኸውን። እኔ ስጽፍ ፍሬን አራት ጊዜ፣ አሞርዛተር ሁለት ጊዜ፣ ፍሪሲዮን አንድ ጊዜ መጣ። ለዚያ ነው ባለ ሁለት ምሰሶ የመረጥኩት፣ አራቱም ጎማ አየር ላይ ስለሚንጠለጠል።

ባለ ሁለት ምሰሶ ከሆነ ምርጫህ፣ ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቅ። አንዱ ሁለቱ ምሰሶዎች ከላይ በድልድይ የሚገናኙበት ነው፣ ወለሉ ነጻ ይሆናል፣ ግን ወደ 3.60 ሜትር ጣሪያ ይፈልጋል። ለአንተ አይሆንም። ሌላው ገመዱና ቱቦው ወለል ላይ በብረት ተሸፍኖ የሚያልፍበት ነው፣ ምሰሶው አጠር ይላል፣ ብዙዎቹ 2.80 ሜትርን ትንሽ ያልፋሉ። አንተ ጋ ለጥቂት ሊገባ ይችላል፣ ግን በወረቀት ላይ ያለውን ቁመት ሳታይ እንዳትከፍል። የወለሉ ብረት ክሪክ ስትጎትት እግርህንም ጎማውንም ያደናቅፋል፣ ትለምደዋለህ።

ክንዶቹም ይለያያሉ። አራቱም እኩል የሆኑበት አለ፣ ለፒክአፕና ለረጅም መኪና ጥሩ ነው። የፊቶቹ አጭር፣ የኋላዎቹ ረጅም የሆኑበትም አለ፣ መኪናውን ወደ ኋላ ስለሚያስቀምጠው በሩ ምሰሶውን ሳይገጭ ይከፈታል። ሁለቱንም ዓይነት መኪና ስለያዝክ በሁለቱም መንገድ የሚገጠም ክንድ ያለውን ፈልግ። ፒክአፑን በሻንሲው ነው የምትይዘው፣ ሻንሲው ደግሞ ከፔዳናው ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ማራዘሚያ እግር ያስፈልጋል። ሴዳኑን የመኪናው መጽሐፍ በሚያሳየው የክሪክ ቦታ ብቻ ያዘው፣ አለበለዚያ የመኪናውን ወለል ታጎብጠዋለህ።

አቅሙን በተመለከተ «መኪናዬ ሁለት ቶን ነው፣ ሁለት ተኩል ቶን የሚያነሳ ይበቃኛል» እንዳትል። 4 ቶን የተጻፈበት ሊፍት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ክንድ አንድ ቶን ይሸከማል ማለት ነው። ሞተሩ ፊት ስለሆነ ክብደቱ እኩል አይከፋፈልም፣ ፒክአፕ ላይ ደግሞ ዕቃ ሳይጫን የሚውልበት ቀን የለም። ከ4 ቶን በታች አትውረድ።

የወለልህ ነገር ካልሆነ፣ ወይም ጋራዡን መልሰህ ባዶ ማድረግ ከፈለግህ፣ የመቀስ ቅርጽ ያለውን መካከለኛ ሊፍት አስብበት። አንድ ሜትር ከ20 አካባቢ ያነሳል፣ ለሴዳንህ ከጣሪያህ ጋር ልክ ነው፣ ፒክአፑን ግን አንድ ሜትር ላይ ታቆመዋለህ። ጎማ፣ ፍሬን፣ አሞርዛተር ለሚሠራ ሰው በቂ ነው። ችግሩ ብረቱ መኪናው ሥር መሃል ላይ ስለሚቆም ካምቢዮና ማርሚታ ጋ መድረስ ያስቸግራል። በሁለት ጎን የሚቀመጡ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ትንንሾችም አሉ፣ እነሱ 50 ሴንቲ ገደማ ነው የሚያነሱት። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣሪያህ ብቻ ከፈረድኩ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የመቀሱን ነበር የምወስደው። ካምቢዮ በየሳምንቱ አታወርድም።

መብራቱን አትርሳ። የቤት መስመር በአብዛኛው ሲንግል ፌዝ ነው፣ ከጋራዥ የሚወጡ ያገለገሉ ሊፍቶች ግን ብዙ ጊዜ ሞተራቸው ስሪ ፌዝ ነው። ርካሽ አገኘሁ ብለህ ገዝተህ ሞተር ስትፈልግ እንዳትከርም። ለሊፍቱ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ያገለገለ ስታይ ቀለሙን ተወው፣ ገመዱን እይ። አንድ ክሩ እንኳ ከተበጠሰ ይቀየራል። መኪና ሲነሳ ክንዶቹ እንዳይዞሩ የሚቆልፉት ጥርሶች መኖራቸውን፣ መመሪያውም መኖሩን አረጋግጥ። ለአዲስ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የኤ.ኤል.አይ. (የሊፍት አምራቾች ማኅበር) የደህንነት ምልክት፣ በአውሮፓ ኢ.ኤን. 1493 የሚባለው ደረጃ አለ፣ አንዱም ከሌለው እኔ ሥሩ አልገባም።

አጠቃቀሙ ላይ አንዲት ነገር ብቻ። ሃይድሮሊኩ ያነሳል እንጂ የሚይዘው ምሰሶው ላይ ያለው የመቆለፊያ ጥርስ ነው። አንስተህ ስትጨርስ መልሰህ ዝቅ አድርገህ መቆለፊያው ላይ አስቀምጠው፣ ሁለቱም ምሰሶ መያዛቸውን በዓይንህ እይ። መጀመሪያም ጎማው ከመሬት 10 ሴንቲ እንደለቀቀ አቁመህ መኪናውን ወዝወዝ አድርገው። ካምቢዮ ወይም ሞተር ስታወርድ ሚዛኑ ይቀየራል፣ በከበደው ጫፍ በኩል ረጅም መደገፊያ ሳታቆም ቡሎን አትፍታ።

ለማንኛውም ብራንዱን ለጊዜው ተወውና ነገ ትራፓኖ ፈልግ። ወለሉ ውስጥ ቧንቧ፣ ሽቦ ወይም የተወጠረ ገመድ አለመኖሩን አጣርተህ፣ ምሰሶው የሚቆምበት ቦታ ላይ አንድ ቀጭን ቀዳዳ እስከ አፈሩ ብሳ። ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብተህ የኮንክሪቱን የታችኛውን ጠርዝ ሲይዝልህ ለካ። በሩንም ከፍተህ ከሥሩ እስከ ወለሉ ያለውን ለካ። እነዚያን ሁለት ቁጥሮች እዚህ ጻፍልኝ፣ ከዚያ ስለ ብራንዱም እናወራለን።