ሙቀቱ ነው ወይስ መጤው? የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ባለሙያ መሆን ለምትፈልግ ተማሪ

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የአየር ንብረት ለውጥና መጤ ወራሪ ዝርያዎች አገር በቀል የወንዝና የሐይቅ ዓሦችን እንዴት እንደሚጎዱ ማጥናት ሙያዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሒሳብ ብዙም አይሆንልኝም። ማስተርስ ከመጀመሬ በፊት ምን ልልመድ? ከሁለቱስ በየትኛው ላይ ላተኩር?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከሁለቱ አንዱን አትምረጪ። ብዙ ጊዜ ሙቀትና መጤ ዝርያ እየተጋገዙ ነው የሚመጡት። ቀጣሪዎች የሚቸገሩት ስለ አንዱ የሚያውቅ ሰው አጥተው አይደለም፤ “ዓሣው የቀነሰው ከየትኛው የተነሳ ነው?” ሲባል በማስረጃ የሚመልስ አጥተው ነው። ዝግጅትሽን ሁሉ ለዚህ አንድ ጥያቄ አድርጊው።

ጥያቄው ለምን እንደሚከብድ ለማየት ከውሃው እንነሳ። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ በሊትር እስከ 11.3 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። በ20 ዲግሪ 9.1፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.6 ብቻ። ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ውሃው 10 ዲግሪ ሲጨምር ለመኖር የሚያስፈልገው ኦክስጅን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ፍላጎቱ በሚያድግበት ሰዓት አቅርቦቱ ይቀንሳል ማለት ነው። እንዲህ በተዳከመ ዓሣ አጠገብ ሙቀት የሚችል መጤ ሲደርስ ምግቡንም መራቢያውንም ይሻማዋል። በሰሜን አሜሪካ የፍላትሄድ ወንዝ ተፋሰስ የሆነው ይኸው ነው፤ ሰው የለቀቀው ሬይንቦ ትራውት የተባለ ዓሣ “ከትስሮት ትራውት” ከሚባለው አገር በቀል ዘመዱ ጋር እየተዳቀለ ተስፋፍቷል። የፀደይ ጎርፉ መቀነሱና የበጋው ውሃ መሞቁ መንገዱን ከፍተውለታል።

ሁሉን በሙቀት ማሳበብ ግን ስሕተት ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተለቀቀው ናይል ፐርች የተባለ ትልቅ አዳኝ ዓሣ በ1980ዎቹ በእጅጉ ሲበዛ ሲክሊድ ከተባለው የዓሣ ቤተሰብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ጠፉ ወይም ተመናመኑ። ከየብስ የገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ውሃውን ማደፍረሱም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ሴቷ ሲክሊድ የዝርያዋን ወንድ የምትለየው በቀለሙ ስለሆነ በደፈረሰ ውሃ ዝርያዎቹ ይደባለቃሉ። ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ የላይኛው ውሃ በመሞቁ ከታችኛው ጋር የሚቀላቀልበት ዕድል ቀንሷል፤ ከሥር የሚወጣው ንጥረ ምግብ ሲያንስ ዓሣ የሚመገባቸው ጥቃቅን ሕይወቶችም ያንሳሉ። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምገማ ከወንዝና ከሐይቅ ዓሣ ዝርያዎች ሩብ ያህሉ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው። ከእነዚህ 33 ከመቶው በመጤ ዝርያና በበሽታ፣ ቢያንስ 17 ከመቶው በአየር ንብረት ለውጥ፣ 57 ከመቶው ደግሞ በብክለት ይጠቃሉ። ድምሩ ከመቶ የሚያልፈው አንዱ ዓሣ በብዙ ነገር ስለሚጎዳ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትለምጂው የውሃ ሙቀት መለካትን ነው። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ መረጃ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። አውራ ጣት የምታህለውን የሙቀት መዝጋቢ በየ30 ደቂቃው እንድትመዘግብ አድርገሽ ትሞያታለሽ። ከመትከልሽ በፊት በተፈጨ በረዶና ውሃ ውስጥ ነክረሽ ወደ 0 ዲግሪ ማንበቧን አረጋግጪ፤ ስታወጫትም ድገሚው። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኛት በተበሳሳ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገቢና ውሃው በደንብ በሚፈስበት ቦታ ከከባድ ድንጋይ ጋር እሰሪያት። መረጃውን ስታወርጂ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት በድንገት ከሰፋ፣ ውሃው ጎድሎ መዝጋቢዋ አየር ላይ ቀርታ ይሆናል። በድንገት ከጠበበ ደግሞ ደለል ውጧት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሳያዩ አማካይ የሚያወጡ ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ መረቡ። ተዘርግቶ የሚያድር መረብ ዓሣ የሚይዘው ዓሣው ራሱ ሲዋኝ ሲገባበት ነው። ውሃው ዓሣው ከሚችለው ሳያልፍ ሞቅ ሲል ዓሣው ብዙ ይንቀሳቀሳል፤ ቁጥሩ ሳይጨምር መረቡ ይሞላል። የ18 ዲግሪ ሌሊትን ከ23 ዲግሪ ሌሊት ጋር ያለ ማስተካከያ ያወዳደረ ሰው፣ እያለቀ ያለውን ዓሣ በዛ ብሎ ሪፖርት ሊጽፍ ይችላል። መጤው ሙቀት ወዳድ ከሆነ ስሕተቱ ወደ እሱ ያደላል። ስለዚህ የመረቡ ርዝመትና የዓይኑ ስፋት፣ የተዘረጋበትና የተነሳበት ሰዓት፣ ጥልቀቱና የሌሊቱ የውሃ ሙቀት ያልተጻፈበት ቁጥር ከዓመታት በኋላ ለማንም አይጠቅምም። ባዶ የወጣ መረብም ይመዝገብ። ዜሮ መረጃ ነው፤ እባክሽ አትዝለዪው።

ሒሳብ አይሆንልኝም ላልሽው፣ የሚፈለገው ሒሳብ ከምትፈሪው ያነሰ ነው፤ ማምለጥ ግን አይቻልም። አንድ ምሳሌ እንይ። የአንድን ትንሽ ወንዝ ቁራጭ ከላይና ከታች በመረብ ትዘጉና ዓሣውን በሚያደነዝዝ የኤሌክትሪክ ማጥመጃ ሁለት ጊዜ በእኩል ጥረት ታልፉበታላችሁ። መጀመሪያ 60፣ ቀጥሎ 20 ዓሣ ወጣ እንበል፤ የወጡት ወደ ውሃው አልተመለሱም። የመጀመሪያውን በራሱ አባዢና ለሁለቱ ልዩነት አካፍዪ፦ 3600 ሲካፈል ለ40፣ 90 ይመጣል። 80 ስለያዛችሁ 10 ያህል ቀርተዋል ማለት ነው። ስሌቱ ይኸው ነው፤ ሙያው ያለው መቼ እንደሚዋሽ ማወቅ ላይ ነው። የመጀመሪያው ንዝረት ዓሣውን ከድንጋይ ሥር ካስገባው፣ ሁለተኛው ዙር የሚይዘው ከሚገባው ያነሰ ይሆንና ግምትሽ ከእውነተኛው በታች ይወርዳል። ኤሌክትሪኩ ትልቁን ዓሣ ከጫጩቱ ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ በየመጠናቸው ለይተሽ አስዪ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው እኩል ወይም በላይ ካወጣ ስሌቱን ተይውና ሦስተኛ ዙር እለፉ። ይህን “አር” በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መሥራት ከቻልሽ በኋላ፣ ዓሣን ምልክት አድርጎ ለቆ መልሶ በመያዝ ቁጥሩን የመገመት ስሌት አይከብድሽም። መሣሪያውን ግን ያለ ሥልጠናና ብቻሽን ፈጽሞ አትንኪ፤ ሰው ይገድላል።

የዲኤንኤ ናሙና ሥራ አሁን በጣም ይፈለጋል። ዘዴው ውሃ አጣርቶ ዓሣው የተወውን የዘር ቅሪት ማግኘት ነው። ንጹሕ ውሃ በዚያው ቦታ በዚያው ዕቃ አጣርተሽ አብረሽ ካልላክሽ “መጤው ገብቷል” የሚለው ውጤትሽ የጓንትሽ ብክለት ይሁን የወንዙ አይታወቅም። የሞተ ዓሣም ዲኤንኤ ስለሚተው፣ ቅሪቱ መገኘቱ ብቻ ዓሣው እዚያ በሕይወት አለ ማለት አይደለም።

ለቃለ መጠይቅ አስቀድመሽ ብታስቢበት የምንመክርሽ ጥያቄ አለ። መጤው ወደ ላይ እንዳይወጣ ወንዙ ላይ ግድብ ይሠራ ወይስ አይሠራ? ግድቡ መጤውን ያግዳል፤ ግን አገር በቀሉም ወንዙ ሲሞቅ ወደ ቀዝቃዛው የላይኛው ውሃ መሸሽ አይችልም። ከላይ የቀሩትም በቁጥር ትንሽ ከሆኑ ዘመዳሞቹ እርስ በርስ ይዋለዳሉ፤ አንድ ድርቅ ሊጨርሳቸው ይችላል። መልሱ በቦታው ይወሰናል፦ ከግድቡ በላይ ስንት ኪሎ ሜትር ቀዝቃዛ ውሃ አለ? በድርቅ ዓመት ይቀራል? መጤው ምን ያህል ቀርቧል? በእኛ ግምት ከላይ ያለው መጠለያ አጭር ከሆነ ግድቡ ከመጤው ያልተናነሰ ጉዳት ያመጣል። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይጠይቅ “ይሠራ” ወይም “አይሠራ” የሚል አመልካች ልምድ እንደሌለው ወዲያው ይታወቃል።

ከወንዝ ወደ ወንዝ ስትሄዱ ቦቲና መረብ ፈትሹ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። 45 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ለ15 ደቂቃ መዘፍዘፍ ብዙዎቹን መጤዎች ይገድላል፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። መጤን የሚያጠና ሰው መጤን ሲያዛምት ከመገኘት የባሰ ጥፋት በዚህ ሙያ የለም።

ሥራው በዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቶች፣ በግድብና በመስኖ ፕሮጀክቶች የአካባቢ ጥናት፣ በጥበቃ ድርጅቶችና በዘረመል ቤተ ሙከራዎች ይገኛል። የማስተርስ አማካሪ ስትመርጪ ከስሙ ይልቅ የስንት ዓመት ተከታታይ የሙቀትና የዓሣ መዝገብ እንዳለው ጠይቂ። የሁለት ዓመት መረጃ ሙቀትን ከመጤ አይለይም። ስትጽፊለት ረጅም የፍላጎት ደብዳቤ አትላኪ። በአቅራቢያሽ ካለ ወንዝ አንድ መዝጋቢ ለሦስት ወር አስቀምጠሽ ያገኘሽውን የዕለት ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት በአንድ ግራፍ አድርጊና ላኪለት፤ የተጠራጠርሻቸውን ቀኖች በሌላ ቀለም አመልክተሽ፣ ለምን እንደተጠራጠርሽ ከሥሩ በሁለት መስመር ጽፈሽ።