ዛንዚባር፦ ለሚጠልቅም ለማይጠልቅም

ባለፈው ሳምንት “ስለ ታንዛኒያዋ ደሴት ስለ ዛንዚባር የምትጠይቁት ካለ ወዲህ በሉ” ብዬ ነበር። ጥያቄው ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ጎረፈ። ግማሹ ስለ መጥለቅ ነው፤ የአየር ታንክ አዝሎ ባሕር ውስጥ ስለ መውረድ። ግማሹ ደግሞ “እኔ አልጠልቅም፤ ታዲያ እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ ነው?” የሚል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ለማታውቁኝ፣ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። የመጥለቅ ፈቃድ አለኝ። ከቤተሰቤ ግን ከእኔ በቀር የሚጠልቅ የለም። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ክርክር ጠንቅቄ አውቀዋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ “ባለቤቴ የመጥለቅ ፈቃድ አውጥቷል። እኔ ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ አልወድም። አንድ ሳምንት ይዘናል። እሱ ባሕር ውስጥ ሲውል እኔ አሸዋ ላይ ኮፍያ አድርጌ ልጠብቀው ነው?”

የለም እህቴ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አስረጂው፤ የመጨረሻው ቀን ያንቺ ነው። ይህን ስትይው እየለመንሽው አይደለም፤ የመጥለቅ ደንብ ነው። ሰው ከባሕር እንደወጣ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት።

ነገሩ የናይትሮጅን ጣጣ ነው። ጀርባው ላይ የሚያዝለው ታንክ ውስጥ ያለው ተራ አየር ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲተነፍሰው ናይትሮጅኑ ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ሳይወጣ ግፊቱ በአንዴ ከቀነሰ አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ያሳምማል፤ ሲብስ ነርቭ ይጎዳል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሊሳሳ ይችላል። ደብረ ማርቆስስ ስንት ናት? እሷም ወደ 2,400 ሜትር ናት! ሌላው ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ ባሕር ዳርቻ ወዳለው ቤቱ ሲገባ ይገላገላል። እኛ ከአውሮፕላን ወርደንም እዚያው ከፍታ ላይ ነን። ከአዲስ አበባ በመኪና የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ የጎጃም መንገድ በእንጦጦ በኩል ሌላ አቀበት ይጨምርላችኋል። ለዚህ ነው እኔ ለሀገሬ ሰው ሁልጊዜ ሙሉ 24 ሰዓት ጠብቁ የምለው።

ስለዚህ የመጨረሻውን ሌሊት ስቶን ታውን እደሩ። አውሮፕላን ማረፊያው ከዚያ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ጥንታዊ ከተማ ናት። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፤ የተጠረቡ ትልልቅ የእንጨት በሮች፣ በላያቸው የነሐስ ጉጥ። የድሮው የባሪያ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1873 ከተዘጋ በኋላ በቦታው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበታል። እዚያ ስትገቡ ልብ ይከብዳል፤ ግን አትዝለሉት። ሲመሽ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ውስጥ የምግብ ገበያ ይቆማል። እዚያ ፈታ በሉ።

የቀሩትን ቀኖችም አትፍሪ። የጠላቂዎች ጀልባ ብዙ ጊዜ ጠዋት ወጥቶ ከቀትር በኋላ ይመለሳል። ያ ጠዋት ሙሉ ያንቺ ነው። ጆዛኒ ደን ሄደሽ ቀዩን ጦጣ እዪ፤ የእኛ ጉሬዛ ዘመድ ነው፤ መኖሪያው ዛንዚባር ብቻ ነው። የምግብ አሠራር የሚያስተምሩሽ ሴቶችም አሉ። ከእሱ ሳልለይ ካልሽ ደግሞ ምኔምባ በምትባለው ደሴት ዙሪያ ወዳለው ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ) የሚሄድ ጀልባ ምረጡ። እሱ ታች ሲወርድ አንቺ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰሽ፣ መነጽርና ቱቦ አድርገሽ ከላይ ማየት ትችያለሽ። ሐሳብሽን ከቀየርሽ ጀልባው ላይ ጥላ ሥር ቁጭ በይ። የማቅለሽለሽ ክኒኑን ግን ከመነሳትሽ በፊት ዋጪው፤ ሆድሽ ከተገለበጠ በኋላ አይጠቅምም። ምኔምባ ደሴቷ ራሷ የግል ናት፤ እግራችሁን አታሳርፉባትም።

ከቡሬ፦ “ዋና አልችልም። መጥለቅ ግን ሕልሜ ነው። ይሆናል?”

ወንድሜ፣ ለሙከራ ይሆናል። ፈቃድ ለሌለው ሰው የሚዘጋጅ የመጀመሪያ ጠለቃ አለ። አስተማሪው ከጎንህ ሳይለይ ቢበዛ እስከ 12 ሜትር ትወርዳለህ። የዋና ፈተና የለውም። ፈቃድ ላውጣ ካልክ ግን 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ግድ ነው። ከዚያ እስከ 18 ሜትር ይፈቀድልሃል። የእኔ ምክር? ከመሄድህ በፊት ባሕር ዳር ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ ብቅ በልና ገንዳ ውስጥ ዋና ተማር። ጭንቀቱ ግማሽ በግማሽ ይቀልልሃል።

ሰው የሚቸገረው በዋናው ሳይሆን በጆሮው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ተነስተህ የዓባይን በረሃ ስትወርድ ጆሮህ ድፍን ይል የለ? ያ ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ውሃ ውስጥ ግን ያንኑ የግፊት ለውጥ ለማግኘት ሁለት ሜትር እንኳ መውረድ አይጠበቅብህም። 10 ሜትር ስትደርስ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አፍንጫህን ይዘህ በቀስታ እፍ ትላለህ። በየሜትሩ፣ ሳያምህ በፊት። ካመመህ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ብለህ እንደገና ሞክር። በግድ አትውረድ። ጉንፋን ከያዘህ ያን ቀን ቅር።

ሌላው ሕግ፣ ትንፋሽህን በጭራሽ አትያዝ። ጣና ዳር ያደግን ልጆች ትንፋሽ ይዘን መጥለቅ ለምዶብናል። በታንክ አየር ሲሆን ይህ ልማድ አደገኛ ነው፤ ወደ ላይ ስትወጣ አየሩ ሳንባህ ውስጥ ይለጠጣል።

ከዳንግላ፦ “መምህር ነኝ። የማርፈው ክረምት ብቻ ነው። በዝናብ ወቅት ምን ያደርግልኛል?”

ጋሼ፣ እንዲያውም እድለኛ ነዎት። ዳንግላ በሐምሌ ስትርስ ዛንዚባር ደረቅ ናት። የእነሱ ከባድ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል፤ አየሩም ቀለል ይላል። ምሥራቁ ዳርቻ ነፋሻማ ስለሚሆን ፓጄ ላይ በትልቅ ካይት (ነፋስ በሚጎትተው ጨርቅ) ውሃ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ይሞላሉ። ቆሞ ማየቱ ራሱ መዝናኛ ነው። ለመዋኘት ሰሜኑ ይሻላል። እድል ከቀናዎት በዚያ ወቅት ዓሣ ነባሪዎች በዳርቻው ያልፋሉ።

ከባሕር ዳር፦ “አንድ የማውቃት ልጅ ሄዳ ‘ጠዋት ባሕሩ ነበረ፣ ከሰዓት ጠፋ’ አለችኝ። እውነት ነው?”

እውነት ነው፤ እኛ ጣናን ለለመድነው ይህ ነገር ያስደነግጣል። ጣና ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል፤ በቃ። ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ልዩነቱ ይከፋል።

በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ውሃው እስከ ሩቅ ይሸሻል። የሚቀረው ነጭ አሸዋና ኩሬ ነው። ብዙ ሰው ሆቴሉ ላይ ይናደዳል። ሆቴሉ ምን ያድርግ? እኔ ግን ያን ሰዓት እወደዋለሁ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ይገባሉ። አሸዋው ላይ እንጨት ተክለዋል፤ ከእንጨት እንጨት ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ የባሕር ሣር በቁራጭ ታስሮ ይበቅላል። የደረሰውን እየፈቱ ጆንያ ውስጥ ይከታሉ፤ አዲሱን ያስራሉ። ውሃው ሲመለስ ሥራው አለቀ። ሳሙና ይሠሩበታል፤ ወደ ውጭም ይላካል። ለማይጠልቅ ሰው ከዚህ የተሻለ የጠዋት ጉብኝት አላውቅም። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ግን አስፈቅጂ።

ስትሄጂ ጫማ አድርጊ። ኩሬው ውስጥ ጥቁር እሾሃም ፍጥረት አለ፤ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የምትፈልጊ ከሆነ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ያዢ። እነሱ ሰሜን ናቸው፤ ውሃው ያን ያህል አይሸሽም።

ከፍኖተ ሰላም፦ “እናቴን ይዤ ልሄድ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ጀልባ አትወጣም።”

እማማን የቅመም እርሻ ውሰጂያቸው። ሌላውን ሁሉ ተዪው ብል አልተሳሳትኩም። ቅርንፉድ ከዛፉ ላይ እንዴት እንደሚለቀም ያያሉ። ያ ሚስማር የሚመስለው ነገር ያልፈነዳ አበባ ነው። ሲለቀም አረንጓዴና ቀይ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ነው የሚጠቁረው። ቀረፋውን ከግንዱ ልጠው ያሸትቷቸዋል። ገውዝ፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ ቫኒላ፣ ሁሉም አለ። እናትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድልህና በርበሬ ሲያሰናዱ የኖሩ ከሆነ አስጎብኚውን እሳቸው ያስተምሩታል። መሬቱ ብዙ አቀበት የለውም፤ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ከገበያ ስትገዙ ዱቄቱን ሳይሆን ያልተፈጨውን ግዙ።

ስቶን ታውንን ጠዋት በጊዜ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይዩት። ግዙፎቹ ኤሊዎች ያሉባት ቻንጉ ደሴት ግን በጀልባ ነው የሚኬደው፤ ብዙ ጊዜም ውሃ ረግጦ መሳፈር አለ። ለጉልበታቸው አይሆንም።

ከሞጣ፦ “በጾም ብንሄድ ምን እንበላለን?”

አትራቡም። ባቄላ በኮኮናት ወተት፣ ሩዝ በኮኮናት፣ ጎመን መሰል ቅጠል፣ ካሳቫ፣ ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ። ቻፓቲው ቅቤ እንዳይነካው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዓሣና ኦክቶፐስ በየቦታው አለ፤ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ፣ እኔ አልገባበትም። ዐቢይ ጾም ግን ከዝናባቸው ጋር ስለሚገጥም ለጉዞ አልመርጠውም። ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ረመዳን ላይ ከደረሳችሁ ቀን ቀን አደባባይ ላይ አትብሉ፣ አትጠጡ። ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ይበል፤ ነጠላ ለዚህ ነፍስ ነው።

ከባሕር ዳር፦ “ለምን እዚያ ድረስ? ጣና ላይ መጥለቅ አይቻልም?”

ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ወይም 15 ሜትር ነው። ውሃው ደለል ስለሚበዛበት የዘረጋኸውን እጅ ላታይ ትችላለህ። ብልሃርዝያ አለ፤ ጉማሬም አለ። በዚያ ላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ለባሕር ወለል የተሠራው የመጥለቂያ ሰንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚናገረው) እንዳለ አይሠራበትም። ጣና በታንኳና በጀልባ የሚታይ ነው። ዘጌ ሂድ፣ ገዳማቱን ሳም።

ከእንጅባራ፦ “ከዶልፊን ጋር መዋኘት እንዴት ነው?”

ኪዚምካዚ ላይ ይሸጡታል። አልወደውም። ብዙ ጀልባ ከቦ ያሳድዳቸዋል፤ ሰው እላያቸው ላይ ይዘላል። ከሄድሽ ሞተር አጥፍቶ ከርቀት የሚያሳይ ባለጀልባ ፈልጊ፤ ውሃ ውስጥ አትግቢ።

አጫጭሮቹ

መነጽር ለምታደርጉ፦ በዓይን ቁጥር የተሠራ የመጥለቂያ መነጽር አለ፤ ስትመዘገቡ ጠይቁ።

ሹሩባ፦ ችግር የለውም። ግንባር ላይ የወረደ ፀጉር ግን በመነጽሩ ጠርዝ ውሃ ያስገባል፤ ወደ ኋላ ሰብስቢው።

ልጆች፦ ባሕር ላይ ለመጥለቅ ዝቅተኛው ዕድሜ 10 ዓመት ነው። ከዚያ በታች በመነጽርና በቱቦ ከላይ ይዩ።

ሰዓት፦ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ነው የሚቆጥሩት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው። ለቱሪስት ሲናገሩ ግን በፈረንጅ ይቆጥራሉ። ጀልባ ስትቀጥሩ “በየትኛው?” በሉ።

ወረቀት፦ የቢጫ ወባ ካርድ ያዙ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ የዛንዚባር የራሷ የጉዞ መድን ግዴታ ሆኗል፤ ሲጀመር 44 ዶላር ነበር። ወባም ስላለ ስለ መከላከያው ሐኪም አማክሩ።

ውሃ መጠጣት፦ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳይሆን። ጀልባ ላይ ፀሐዩና ጨዉ ያደርቃል፤ የሰውነት መድረቅ ደግሞ ለጠላቂ የናይትሮጅኑን አደጋ ይጨምራል። ቢራው ከጠለቃ በኋላ ይድረስ።

ከደጀን፦ “በልጅነቴ አስም ነበረብኝ። አሁን ደህና ነኝ። ፎርሙ ላይ ልጻፈው?”

ጻፈው። ከመጥለቅህ በፊት የጤና መጠይቅ ይሰጡሃል፤ አስም፣ ልብ፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝና፣ ሁሉም ይጠየቃል። አንዳንዶቹ ላይ “አዎ” ካልክ ያለ ሐኪም ፊርማ አያስገቡህም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው እዚያ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ሐኪም ፍለጋ ሁለት ጠዋት ይሄዳል። ፎርሙን ከመጥለቂያ ማዕከሉ በኢሜይል አስልክ፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ሳንባህን አስመርምር፣ አስፈርም። ሐኪሙ “አይሆንም” ካለህ የጠለቃውን ቀን ሰርዘህ የምኔምባን የመነጽርና የቱቦ ጉዞ ያዝ፤ ዋጋውም ይቀንሳል።