የከተማ አስተዳደር ሠራተኞች በሠራተኛ ማኅበር መወከል ይችላሉ?

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ከተማ አስተዳደር ሥር እንሠራለን። ከመካከላችን በማዘጋጃ ቤቱ በቋሚነት የተቀጠሩ፣ በከተማው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የሚሠሩ፣ እንዲሁም በጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዝ በኩል መንገድ የሚያጸዱ አሉ። የትርፍ ሰዓት ክፍያና የሥራ መከላከያ ልብስ ጥያቄያችን መልስ ስላጣ ሁላችንንም የሚወክል አንድ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርን። የሰው ሀብት ኃላፊው «የመንግሥት ሠራተኛ መደራጀት አይችልም፤ ከቀጠላችሁ ትዛወራላችሁ» አሉን። ሕጉ ምን ይላል? ምን እናድርግ?

መልስ፦ ፊርማ ማሰባሰቡን ለጥቂት ቀናት አቆዩትና እያንዳንዱ ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤውን ይዞ ይምጣ። የኃላፊው አባባል ለአንዳንዶቻችሁ ጭራሽ አይሠራም፤ ለሌሎቻችሁ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው የሥራ ግንኙነታችሁ የሚገዛበት ሕግ ነው። ደመወዙ ከማን ካዝና እንደሚወጣ ብቻውን አይወስንም። ሁላችሁም አንድ ከተማ ብታገለግሉም በሕግ ዓይን አሠሪያችሁም የምትተዳደሩበት አዋጅም የተለያየ ሊሆን ይችላል። በአንድ ዝርዝር ተደባልቃችሁ ለምዝገባ ብትቀርቡ፣ መብቱ በግልጽ የተሰጣቸው ሠራተኞች ማመልከቻም አብሮ ይሰናከላል።

ከመሠረቱ እንነሣ። የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42(1)(ሀ) የመደራጀት መብት ያላቸውን ሲዘረዝር፣ ከፋብሪካና ከአገልግሎት ሠራተኞች ጋር የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችንም ይጠቅሳል። መብቱ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋምንና በኅብረት መደራደርን ያካትታል። ፊደል (ለ) ደግሞ ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታን የመግለጽ መብት ይሰጣል። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛን በጅምላ እንዳይደራጅ የሚከለክል ሕገ መንግሥታዊ መርህ የለም።

እክሉ ያለው በፊደል (ሐ) ነው። በእነዚህ መብቶች የሚጠቀሙት የመንግሥት ሠራተኞች በሕግ እንደሚወሰኑ ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 3 የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን፣ ዳኞችን፣ ዐቃብያነ ሕግን፣ ፖሊስንና የመከላከያ ሠራዊት አባላትን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ ያደርጋል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆችም ለረጅም ዓመታት የሠራተኛ ማኅበር የሚመዘገብበትን ሥርዓት ሳይዘረጉ ቆይተዋል። የቋሚ ሠራተኞቹ ችግር ይኸው ነው፤ መብቱ በሕገ መንግሥት ተጽፎ ሳለ የሚመዘገብበት መንገድ አልተበጀለትም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ያለ ምንም ልዩነት ሠራተኞች ሁሉ የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አገሮች የተለየ ድንጋጌ እንዲያወጡ የሚፈቅደው ለጦር ኃይልና ለፖሊስ ብቻ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ስለሆኑ ይህ በክርክር ላይ ትልቅ ጉልበት አለው። የመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን ስምምነቱን ብቻ አይቶ የምስክር ወረቀት ይሰጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ። ደብዳቤው የክልላችሁን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ጠቅሶ፣ ደረጃና የመደብ መታወቂያ ቁጥር ይዞ፣ ቅጂው ለሲቪል ሰርቪስ መሥሪያ ቤት ተልኮ ከሆነ ሠራተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የወረዳና የከተማ አስተዳደር ሠራተኞች የሚተዳደሩት በክልል አዋጅ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52(2)(ረ) ሥልጣኑን ለክልሎች ሰጥቷል። በሥራ ላይ ያለውን የክልላችሁን አዋጅ አግኝታችሁ ስለ መደራጀት የሚናገር አንቀጽ እንዳለው ፈልጉ። ካለው መነሻችሁ እሱ ይሁን። ደብዳቤው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ወይም የቀድሞውን 377/1996ን ከጠቀሰ፣ አለዚያም ስለ አሠሪና ሠራተኛ ሕግ ወይም ስለ ኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ ተደራድረው የሚፈርሙት ውል) የሚያወራ ከሆነ፣ ሠራተኛው በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሥር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ የጡረታ መዋጮ። «የምንከፍለው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ስለሆነ የመንግሥት ሠራተኞች ነን» የሚለው ክርክር አይሠራም። የመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኞችም በዚያው ጡረታ ይሸፈናሉና። አሠሪዎች ይህን ሲያነሡባችሁ መልሱ ይኸው ነው።

የውሃና ፍሳሽ አገልግሎቱ ጉዳይ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ብዙዎቹ የከተማ ውሃ አገልግሎቶች በክልል ሕግ የተቋቋሙ፣ የራሳቸው ሕጋዊ ሰውነትና ሥራ አመራር ቦርድ ያላቸው፣ ከሚሸጡት ውሃ በሚያገኙት ገቢ የሚተዳደሩ ናቸው። የተቋቋመበትን አዋጅ ወይም ደንብ ፈልጉና «የሠራተኞች አስተዳደር» በሚለው ክፍል ምን እንደተጻፈ አንብቡ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ይተዳደራሉ ካለ ክርክሩ አለቀ፤ ከተማ አስተዳደሩ ቦርዱን ስለሚሰይም ብቻ መብታችሁ አይጠፋም። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይተዳደራሉ ካለ ግን ከማዘጋጃ ቤቱ ቋሚ ሠራተኞች ጋር አንድ መስመር ላይ ናችሁ። ሰነዱን ሳታዩ አንድም ማመልከቻ አታስገቡ።

የጽዳት ሠራተኞቹ ውስጥም ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። የኢንተርፕራይዙ አባል ሆነው ገቢውን የሚከፋፈሉት የራሳቸው ሥራ ባለቤቶች ስለሆኑ የሠራተኛ ማኅበር አባል ሊሆኑ አይችሉም። ከከተማው ጋር ያላቸው ጥያቄ የውል ጥያቄ ነው፤ የክፍያ መዘግየትም ሆነ የዋጋ ማስተካከያ በውሉ ይታያል። በደመወዝ የተቀጠሩት ግን ሠራተኞች ናቸው፤ አሠሪያቸውም ከተማው ሳይሆን ኢንተርፕራይዙ ነው። ኢንተርፕራይዙ ከ10 ያነሱ ሠራተኞች ካሉት፣ የተለያዩ ትናንሽ ድርጅቶች ሠራተኞች በጋራ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ ጠቅላላ አባላቱ ከ10 እንዳያንሱ ብቻ ነው የሚፈለገው።

በአዋጅ 1156/2011 ሥር የምትወድቁት ማኅበሩን ለማቋቋም የአሠሪው ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። በድርጅቱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉና ቢያንስ 10 አባላት ካገኛችሁ በቂ ነው። ቁጥሩን በ10 ላይ አታቁሙት። አንድ ሰው ቢለቅ ወይም «የሥራ መሪ ነው» ተብሎ ቢወጣ ማመልከቻው ከሚፈለገው በታች ይወርዳል። የሥራ መሪዎች ከሕጉ ውጭ ስለሆኑ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር ወይም የማሰናበት ሥልጣን ያላቸውን ኃላፊዎች አታስፈርሙ። የመሥራች ጉባኤውን ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከተቻለም ከግቢ ውጭ አድርጉት። ቃለ ጉባኤው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተገኙትን ሰዎች ስምና ፊርማ፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ተመራጭ የተሰጠውን ድምፅ ይያዝ።

ለመተዳደሪያ ደንቡ በቂ ጊዜ ስጡ። ከሌላ ድርጅት ማኅበር ገልብጦ ስሙን ብቻ መቀየር ብዙ ማኅበራትን በኋላ ላይ ለክርክር ዳርጓል። ደንቡ የማኅበሩን ስምና አድራሻ፣ ዓላማ፣ የተመሠረተበትን ቀን፣ ዓርማ፣ የመሪዎችን መመዘኛ፣ የአባላት መዋጮ፣ የገንዘብና ንብረት አያያዝ፣ የስብሰባና የምርጫ ሥርዓት፣ የዲሲፕሊን እርምጃ፣ እንዲሁም ማኅበሩ የሚፈርስበትን ሁኔታና በዚያን ጊዜ ንብረቱ ምን እንደሚሆን መያዝ አለበት። ገንዘብ ከባንክ የሚወጣው በስንት ሰው ፊርማ እንደሆነ በግልጽ ጻፉ፤ ማኅበራት ከውስጥ የሚፈርሱት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ደንቡን፣ የመሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ የያዘውን ሰነድ፣ የማኅበሩን ስምና ዓርማ፣ ጠቅላላ ማኅበር ከሆነም አባላቱ የሚሠሩባቸውን ድርጅቶች ስም አያይዛችሁ የሠራተኛ ጉዳይን ለሚመራው የክልላችሁ መሥሪያ ቤት አስገቡ። ማመልከቻው ሲገባ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። መዝጋቢው ሰነዱ መሟላቱን አረጋግጦ በ15 ቀናት ውስጥ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት፤ ገቢ የሆነበት ቀን ከሌላችሁ ይህን ጊዜ መቁጠር አትችሉም። ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለፍርድ ቤት አቤቱታ የሚያስፈልጋችሁ ያ ወረቀት ነው።

የአባልነት መዋጮ ከደመወዝ እንዲቆረጥ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ አባል የተስማማበትን በጽሑፍ ይስጥ። በጉባኤ ውሳኔ ብቻ ፔሮል ላይ እንዲቆረጥ ማዘዝ ያስከስሳል።

ከምዝገባ በኋላ የኅብረት ድርድር ጥያቄውን ከረቂቁ ጋር በጽሑፍ ላኩ። የተጠየቀው ወገን በ10 ቀናት ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። በውሃ አገልግሎት ላይ የሚያጋጥመው መሰናክል ሥራ አስኪያጁ ወራት ሙሉ ተደራድሮ በመጨረሻ «ይህ የቦርዱ ሥልጣን ነው» ማለቱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ የአሠሪው ተደራዳሪዎች ከቦርዱ የተሰጣቸውን የውክልና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ጠይቁ። የደመወዝ ስኬሉ በክልሉ የሚጸድቅ ከሆነ ድርድሩን እዚያ ላይ አታስሩት፤ የትርፍ ሰዓት አመዘጋገብ፣ የመከላከያ ልብስ ዓይነትና የሚታደስበት ጊዜ፣ የተረኝነት ሰሌዳና ሕክምና በቦርዱ ደረጃ የሚያልቁ ናቸው።

ሥራ ማቆምን በሚመለከት በግልጽ ልንገራችሁ። የውሃ አቅርቦትና የከተማ ጽዳት በአዋጁ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ከተባሉት ድርጅቶች ውስጥ ናቸው፤ እዚያ ሥራ ማቆም አይፈቀድም። ድርድሩ ካልተሳካ ጉዳዩ በአስማሚ በኩል አልፎ ወደ ጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። የቀን ቀጠሮ ይዛችሁ «እናቆማለን» የሚል ማስታወቂያ ብትለጥፉ ለአሠሪው የማሰናበቻ ምክንያት በእጁ ትሰጡታላችሁ።

ስለ ዝውውሩ ማስፈራሪያ፦ በአዋጅ 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛውን የማኅበር አባል እንዲሆን ወይም እንዳይሆን ማስገደድ አይችልም። በአንቀጽ 26 መሠረትም የማኅበር አባል መሆን፣ በሕጋዊ እንቅስቃሴው መሳተፍ፣ የሠራተኞች ተጠሪ ለመሆን መወዳደር ወይም በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ከሥራ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። የተባለውን ቃል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰሙትን ሰዎች ዛሬውኑ ጽፋችሁ ፈርሙበት። የዝውውር ደብዳቤ ቢመጣ፣ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስመዝግባችሁ ወደ ተመደባችሁበት ሂዱ። ሥራ ላይ ሳይገኙ መቅረት የዲሲፕሊን ክስ ያስከትላል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ዝውውሩ መሆኑ ቀርቶ ስለ መቅረታችሁ ይሆናል። ከሥራ የተሰናበተ ወደ ሥራው እንዲመለስ የሚጠይቀው በ3 ወር ውስጥ ነው። ሠራተኛም ሆነ የሠራተኛ ማኅበር በዚህ አዋጅ መሠረት ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ሥር ያላችሁ ቋሚ ሠራተኞች እጃችሁን አጣጥፋችሁ መቀመጥ የለባችሁም። የመጀመሪያው መሣሪያችሁ በመሥሪያ ቤቱ ያለው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። በኮሚቴው ውስጥ ሠራተኛው የሚመርጣቸው አባላት አሉ፤ ምርጫው በአንድ ስብሰባ መጨረሻ ላይ በእጅ ብልጫ እንዲያልፍ አታድርጉ። የምታምኑበትን ሰው አስቀድማችሁ ተስማምታችሁ ጠቁሙ። በኮሚቴውና በኃላፊው ውሳኔ ካልረካችሁ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። የጊዜ ገደቦቹ አጫጭር ናቸውና የክልላችሁን ደንብ አይታችሁ ከመጀመሪያው ቀን ቁጠሩ። ሁለተኛው መንገድ የሙያ ማኅበር ነው፤ መሐንዲሶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች ወይም የጤና ባለሙያዎች በክልሉ የማኅበራት ምዝገባ ሕግ መሠረት መደራጀት ይችላሉ። እንዲህ ያለው ማኅበር አሠሪውን ለኅብረት ድርድር አስገድዶ አያስቀምጥም። ጥናት ማቅረብ፣ በረቂቅ ደንቦች ላይ አስተያየት መስጠትና ለአባላቱ ጠበቃ ማቆም ግን ይችላል። ሦስተኛው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37(2) የሰጠው ነው፤ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች ስብስብ አባል የሆነ ወይም እነሱን የሚወክል ሰው በስማቸው ፍትሕ መጠየቅ ይችላል። 40 ሰው የተከለከለው አንድ ዓይነት ክፍያ ከሆነ፣ 40 የተለያየ ማመልከቻ ከመጻፍ በጋራ ማቅረብ የአንድን ሰው ፍርሃት ያቀላል። የመደራጀት ጥያቄውን ራሱን በጽሑፍ አቅርባችሁ ከተከለከላችሁ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት ማለትም ትችላላችሁ።

የትርፍ ሰዓት ገንዘቡ ማኅበሩን አይጠብቅም። በአዋጅ 1156/2011 ለምትተዳደሩት በቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ግን ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል፤ ምዝገባውን ስትጠብቁ በየወሩ የአንድ ወር ክፍያ ከኋላ ይጠፋል። ለአሠሪው ደብዳቤ መጻፋችሁ ብቻውን ይርጋውን (ክስ የማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ ቆጠራ) አያቋርጠውም። የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ሕጉን ለሚያስፈጽመው አካል ማመልከት፣ አለዚያም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። የመከላከያ ልብሱን ጉዳይ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው በዚሁ ሳምንት አመልክቱ፤ የተረኝነት ሰሌዳዎቹንም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ ክርክር ሲነሣ ዋናው ቅጂ የሚገኘው በአሠሪው እጅ ብቻ ነው።